የማዳም ሒባ ዓሦችና ጠርጣሪዋ የሺመቤት

የሺመቤት አማተበችና ክንዷን እስከ ብብቷ ኩሬው ውስጥ ከታ ከድንጋዮቹ ሥር መዳበስ ጀመረች።

«ደሞ ማን ጠፋ?» አለ አትክልተኛው ሙዘሚል ከኋላዋ። የፓምፑን ስፖንጅ ባልዲ ውስጥ እያጠበ ነበር።

«ባለ ነጠብጣቧ።»

«ትመጣለች፣ እቴ የሺ። ሲሞቃቸው ከድንጋይ ሥር ይገባሉ።»

«ድንጋዩን የደረደርከው አንተ። ከሥሩ የሚገባውን የምታውቀውም አንተ።» እጇን አውጥታ አሸተተችው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ጠርጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም። በሩን ቆልፎ ተመልሶ የሚገፋ፣ ሲመርቁት እንኳ «ምን ፈልገው ነው?» የሚል አንድ ሰው በየዕድሩም በየመሥሪያ ቤቱም አይታጣም። እነዚህ ሁሉ ግን ጀማሪዎች ናቸው። የጥርጣሬ ሊቀ ሊቃውንት፣ ክብርት የሺመቤት፣ ኩዌት ውስጥ አርዲያ በሚባል ሰፈር የማዳም ሒባን ወጥ ቤት ትመራለች።

ወተት ሦስቴ ታሸታለች፤ ስትገዛው፣ ስትከፍተው፣ ጠጥታው ስታበቃ ደግሞ ብርጭቆውን። እህቷ ካገር ቤት በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ ቀኝ እጇን ታስነሳታለች፤ ቀድሞ የተቀረፀ አለመሆኑን ለማረጋገጥ። ማህቡላ በሚባለው ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራው ጓደኛዋ ማህደር አንድ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ነይ ፀጉርሽን በነጻ ልቀባልሽ» ብትላት፣ «መጀመሪያ ያንቺን ተቀቢ» አለቻት። ማህደር ተቀባች። የሺመቤት በሳምንቱ መጥታ በፀሐይም በጥላም አየቻትና፣ «ቢሆንም» ብላ ሄደች።

ማዳም ሒባ ኩሬ ያማራት ስልኳ ላይ አይታ ነው። የቆፈረው ሙዘሚል፣ የከሚሴ ልጅ ነው። አሸዋ አነጠፈ፣ ጥቁር ላስቲክ ዘረጋ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዘ፣ በግማሹ ላይ የጥላ መረብ ወጠረ። የሺመቤት ሥራውን ከወጥ ቤቱ መስኮት ተከታተለች። ላስቲኩ ሲመጣ «ለምን ጥቁር?» አለች። ከቧንቧ የተቀዳው ውሃ መድኃኒቱ እስኪወጣለት ዓሣ ሳይገባበት ሲቆም፣ «ቆሞ የሚያድር ውሃ ባለቤት አለው» ብላ ጸበል ረጨችበት። በነሐሴ ውሃው ሲጎድል ሙዘሚል «ፀሐይ እየጠጣችው ነው» አላት። አላመነችም። በማዳም ጥፍር ቀለም ላስቲኩ ላይ ምልክት አደረገች። ውሃው ከምልክቱ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይንም ትጠረጥራለች።

እንዲህም ሆኖ፣ ዓሦቹ እንዳይቀቀሉ በረዶ የሠራ ጠርሙስ በየቀትሩ ኩሬው ውስጥ የምትጥለው እሷው ነበረች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ዓሣ ሲሞት ማዳም ማንን እንደምትጣራ አውቃለሁ» ትላለች።

ዓሦቹ ግን አልሞቱም፤ ጠፉ። አንድ በአንድ። ሬሳ የለ፣ አጥንት የለ። የሺመቤት በመጀመሪያ ሾፌሩን አብዱራሕማንን ጠረጠረች፤ ያፏጫላ። ቀጥሎ የአጥሩን ድመቶች፤ ውሃ ሲፈሩ አይታ ለቀቀቻቸው። ቀጥሎ ፓምፑን፤ ሙዘሚልን አስፈታችው፤ ከአረንጓዴ ዝቃጭ በቀር ሆዱ ውስጥ የተገኘ ነገር የለም። በመጨረሻ የጥርጣሬዋን ክብደት ሁሉ ሙዘሚል ላይ አሳረፈችና ለማዳም ነገረቻት። ደጋግማ ነገረቻት። ማዳም ሒባ እንደ ልማዷ አልሰማችም።

ባለ ነጠብጣቧ የጠፋች ዕለት ግን ሰማች። ዓሣዋ ከሁሉም የምትወዳት ነበረች።

«ሳሕ!» አለች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ። «ልክ ነሽ፣ የሺ። ሙዘሚል ሐራሚ!» ሌባ ማለቷ ነው። «ነገ ጠዋት ወደ መክተብ ይመለሳል።»

መክተብ ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ ነው። ሌባ ተብሎ ወደዚያ የተመለሰ ሰው ቀጥሎ የሚያየው አውሮፕላን ነው።

የሺመቤት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ቀረች። ማሸነፏ ነበር። ግን አልጣማትም። በዚያ ቤት ስትኖር ማዳም አንድም ቀን አምናት አታውቅም። «ጋዝ ይሸታል» ስትል ስቃባታለች። «ይሄ ዶሮ የትናንቱ አይደለም» ስትል ማዕድ ቤት እንድትወለውል ልካታለች። ዛሬ በአንድ ቃል? ያለ ጥያቄ?

«ማዳም እኔን ካመነች» አለች ለሽንኩርቱ፣ «የሆነ ነገር አለ።»

ወደ ጓሮ ወጣች። ሙዘሚል አካፋውን እያጠበ ነበር።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። ደስ ይበልሽ።»

«ዓሦቹን የት አደረስካቸው?»

«ምን ላደርጋቸው፣ ወላሂ? ሂጂ ክፍሌን ፈትሺው!»

«ፈትሼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዘወትር።»

ሙዘሚል አካፋውን አስቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ ቅርፊት እንኳ አልተገኘም፤ እሷ ግን እስካሁን ይህንን የብልጠቱ ማስረጃ አድርጋ ይዛው ነበር። አሁን ማስረጃውን ራሱን ጠረጠረችው።

ዞር ስትል ድመቶቹን አየች። ወፍረዋል። ሌባ ድመት ሰው ሲያይ ይሸሻል። እነዚህ ግን ሰርግ እንደተጠሩ ሰዎች አጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ መስኮት አዙረዋል። መስኮቱ የባባ ሳሊሕ ነው።

ባባ ሳሊሕ የማዳም ሒባ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር ላይ ኖረዋል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ልጃቸው ጀልባቸውን ሸጠችና ከጓሮው በኩል ባለው ምድር ቤት አስቀመጠቻቸው። የሺመቤት የአሥር ሰዓት ሻያቸውን ይዛ ገባች። ከአልጋው ደግፋ ስታነሳቸው እጃቸውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

ኩሬ ኩሬ ሸተታት።

ኪሳቸውን ዳበሰች፤ የራሰ ዳቦ። መጋረጃውን ገለጠች፤ እንጨት ላይ የተጠቀለለ የዓሣ ክር፣ ከነመንጠቆው።

ባባ ሳሊሕ አላፈሩም። «አይጣፍጥም» አሉ። «ጭቃ ጭቃ ይላል። አንዱን ቀመስኩት፤ የቀሩትን ለድመቶቹ ነው የሰጠሁት።»

«ሙዘሚል ነገ ሊባረር ነው» አለች በተሰባበረ ዓረብኛዋ።

«ለምን?»

«ዓሦቹን ሰረቀ ተብሎ።»

«ማን ነው ያለው?»

የሺመቤት ጠርጣሪ እንጂ ውሸታም አይደለችም። «እኔ» አለች። «ግን ማዳም ታምነኛለች ብዬ አልጠረጠርኩም።»

ሽማግሌው ሻያቸውን አጣጥመው ጨረሱ። ከዚያ መስኮቱን ከፈቱና ከጀልባ ወደ ጀልባ በሚጣሩበት ድምፅ «ሒባ!» አሉ። ማዳም ሒባ ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች ወጣች። አብዱራሕማን ማፏጨቱን ተወ። ባባ ሳሊሕ ዳቦውን ቆንጥረው መንጠቆው ላይ ሰኩ፤ ክሩን ወረወሩት። የቀሩት ዓሦች ለምደውታልና ብዙ አላስጠበቁም። ክሩ ተወጠረ፤ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ እየተንፈራገጠ ከውሃው ወጣ። ድመቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጀልባዬን ሸጥሽብኝ» አሉ ባባ ሳሊሕ። «ቀጥለሽ ውሃውን መስኮቴ ሥር አመጣሽው። ምን ላድርግ?»

ዓሣውን ከመንጠቆው ፈትቶ ወደ ኩሬው የመለሰው ሙዘሚል ነው። ማዳም ሒባም ወደ እሱ ዞራ «ማዕሌሽ፣ ሙዘሚል» አለች። በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ይቅርታ የለም። ተመልሳ ገባች።

ሙዘሚል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እቴ የሺ፣ አላህ ያክብርሽ። ለካ አምነሽኛል።»

«ማንን? አንተን?» የሺመቤት ባዶውን የሻይ ብርጭቆ አንስታ አሸተተችው። «አንተን መቼ አመንኩህ? ያላመንኳት እሷን ነው።»

ሰው ሌባ ሲባል የሚያምን ሞልቷል። ይህች ሴት ግን ክስንም አታምንም፤ የራሷንም ጭምር። ጎረቤትህ እንድትሆን አትመኝም፤ የተወነጀልክ ቀን ግን ሌላ ጎረቤት አትፈልግም።

በወሩ ጌጠኞቹ ዓሦች ወጥተው ኩሬው ውስጥ እኛ ቆሮሶ የምንለው የሚበላ ዓሣ ገባበት። ባባ ሳሊሕ እሱም ጭቃ ጭቃ ይላል እያሉ ያጠምዳሉ፤ ይበላሉም። ሙዘሚል ኮንትራቱን አድሷል። የሺመቤት ክፍሉን መፈተሽ አላቆመችም።