ከሱቁ በር በላይ የሚጻፈው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሰው ይሆናል። ለሱቅ ግን መልአኩ ጊዜ የለውም መሰለኝ፣ ሥራውን ለዘመድ ትቶታል። ቡታጅራ ላይ ምስማር፣ ቀለምና ቆርቆሮ የምሸጥበት ሱቅ ልከፍት መሆኔን የሰማ ሁሉ ስም ይዞ መጣ። መርካቶ የሚነግደው አጎቴ ሸምሱ በስልክ፣ «ነስሩ፣ ‹ኢንተርናሽናል› የምትለዋን እንዳትረሳ!» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል።

«አጎቴ፣ ከጎረቤት ከተማ ከቆሼ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ ካገኘሁ ይበቃኛል።»

«ታዲያ እሱስ ከውጭ አይደል የሚመጣው?»

እኛ ዘንድ ሱቅ የሚሰየመው በልጅ ነው። ዋናውን መንገድ ከላይ እስከ ታች ብትሄዱበት የከተማውን ልጆች በስም ታውቃላችሁ። አንዳንዶቹ ዛሬ ጢም አብቅለዋል፤ በሩ ላይ ግን ገና ሕፃናት ናቸው። እኔም ልጅ ነበረችኝ፤ ሰሚራ። ዓምና በሰባት ወሯ፣ በአንድ ሳምንት ትኩሳት ሞተች። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሱቁን «ሰሚራ» ልበለው ስል ዘመድ ሁሉ ዝም አለ፤ አጎቴ እንኳ። ባለቤቴ ዘይነባ ግን ዝም አላለችም። «ምስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ስሟን እንዲጠራው ነው? እኔ እዚያ ደጃፍ አልደርስም!» አለች። እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ማንም እንዳይጠራው ነበር። ሰው አዝኖልን ስሟን መጥራት ትቷል። ደግነት ነው፤ ግን ከብዶኛል።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «ሰሚራ ተይዟል። የአባት ስም ይጨመርበት?» አለች። ስሜን ነገርኳት። «ሰሚራ ነስሩ» ብላ ጮክ ብላ አነበበችው። ሰው በአባቱ ስም መጠራት የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። የእኔ ልጅ እዚያ መስኮት ላይ ተጠራች። «አቤት» ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሰሌዳው ተሰቀለ። ዘይነባም ቃሏን ጠበቀች። ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ትደውልልኛለች፤ ተሻግሬ እቀበላታለሁ። ጎረቤቶቼ ሚስቱ ኩሩ ናት ይላሉ። ይበሉ።

ባለፈው ሰኞ ግን ድንገተኛ ዝናብ አጣደፋትና ሮጣ ገባች። አንድ የመስቃን ገበሬ የቆርቆሮ ምስማር እያስመዘነ ነበር። ምሳዬን ስታስቀምጥ አያትና፣ «እናትየዋ ነሽ? ማሻአላህ! ሰሚራ ስንት ዓመቷ ነው?» አላት።

ዘይነባ የሻሿን ጫፍ ጨመቀች፣ ውሃው መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

«ከረመዷን በኋላ ሁለት ይሞላታል» አለች።

«አላህ ያሳድግልሽ።»

«አሚን» አለች። እኔም ከሚዛኑ ጀርባ «አሚን» አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?