አሥራ አራት ሳንቲም

ጭሮ ገበያ መሐል ሳንቲም ወድቆ ብታዩ ታጎነብሳላችሁ? እኔ አጎነብሳለሁ፤ ሌላ ሰው ግን አላየሁም። ሻጩ «ዝርዝር የለም» ይላል፣ ገዢው «ተወው» ይላል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ሱቄን በትርፍራፊ ያቆምኩ ሰው ነኝና ንቀቱ ያበሳጨኛል። ሳንቲም ዛሬም የምትከበርበትን ቦታ ያገኘሁት በልጄ ሠርግ ነው። ጆሮ ውስጥ!

ልጄ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ስትወጣ አክስቷ እንድትዘፍንላት። ታላቅ እህቴ አስካለ ከበደሳ እስከ ሂርና ስንቱን ሙሽራ የሸኘች ድምፃም ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ዘፍና አታውቅም። ለልጄ ስትል እሺ አለች። ከሂርና የመጣው ኪቦርድ ተጫዋች አብዲ አጀባት። ሁለት ስንኝ ብላ ቀጥ አለች።

«ምነው እትዬ?» አልኳት።

«ይሄ ዕቃ ይቆነጥጠኛል።»

ከኋላችን አንዷ «አረጀች» ስትል እህቴም ሰማች። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል የልጄ ዓይን እንባ አቀረረ።

አብዲ ብድግ አለ። «እማማ፣ ወላሂ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም! እስቲ ያቆሙባትን ቦታ ብቻዎን ያንጎራጉሩልኝ።» አንጎራጎረች፤ እሱም ኪቦርዱ ላይ የሆነ ነገር ነካካ። «አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«እህ! እቺ ናት፤ እንዳትነካት!»

ነገሩን ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። የኪቦርዱ ፋብሪካ ከአንዷ ቁልፍ እስከ ቀጣይዋ ያለውን የድምፅ ርቀት ሁሉ እኩል አድርጎ ይሠራል። ሙዚቀኞች ደግሞ ያቺን አንዲት እርምጃ መቶ ቦታ ይሸነሽኗትና ሽንሽኗን ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ሳንቲም! የእህቴ ጉሮሮ ያቆመችባት ቦታ ላይ ከፋብሪካው አሥራ አራት ሳንቲም ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። ድምፅና ድምፅ ሳይቆነጣጠሩ የሚገጥሙት እዚያ ነው፤ ስለዚህ አብዲ የዚያችን ቁልፍ ድምፅ አወረደላት።

አስካለ ዘፈነች። ልጄ እየሳቀች እያለቀሰች ወጣች። ያቺ ሐሜተኛ እንኳ እልልታውን ከሁሉም በላይ አቀለጠችው።

እንግዳው ሲበተን አብዲን ሁለቱንም ድምፅ እንዲያሰማኝ ለመንኩት። የፋብሪካዋን ተጫወተ፣ የእህቴን ተጫወተ፣ ደገመልኝ። ለወደቀ ሳንቲም የማጎነብሰው እኔ ቅንጣት ልዩነት አልሰማሁም!

«ሰሙት፣ ጋሼ?»

«እንዴታ!»

አስካለ ከጎኔ ሳቀች። «ተወው አብዲ፣ እሱ ሳንቲም በእጁ ካልያዘ አያምንም።»