የሞተሬ ስፒከርና የእማማ የዝብነሽ በሬ

ዛሬ ቡሬ ገበያ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ውሸት ይመስላችኋል። ስለዚህ በቅድሚያ የነበሩትን ሰዎች ልጥራላችሁ፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቃቸው።

አንደኛ፣ እኔ። ፍኖተ ሰላም ከተማ የሬዲዮና የሶላር መብራት ጠጋኝ፤ ትምህርት ቤት ሳልረግጥ ከተበላሸ ሬዲዮ ሙያ የተማርኩ፤ የአራት ልጆች አባት። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሐቀኝነት ስመክራችሁ የከረምኩት ሰውዬ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ እናንዬ። በርበሬ ነጋዴ ናት። በገበያ ቀን ከነጆንያዋ ከሞተሬ ኋላ ተቀምጣ ቡሬ እንወርዳለን።

ሦስተኛ፣ እማማ የዝብነሽ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን በእኩል ያሳርሳሉ። የሣር ቤታቸው ጣሪያ ስለሚያፈስ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ለማልበስ በሬያቸውን ሊሸጡ መጡ።

አራተኛ፣ አቶ ስንሻው። የወምበርማ ገበሬ፣ በሬ ፈላጊ። ከብት ሲመርጥ ዓይኑ አይስትም።

አምስተኛ፣ ቦራ። በሬው ነው። ከሁላችንም ጨዋው እሱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዱ።

ሞተሬ ከፋብሪካ ሲመጣ ሁለት ስፒከሮች ነበሩት። ስፒከር ካልናቸው! ሞተሩ ሲነሳ እንኳን ገበያተኛው እኔም አልሰማቸውም። እኔ ደግሞ ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ሥራዬን የማስተዋውቅ ሰው ነኝ፤ ድምፅ ያስፈልገኛል።

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሱቅ አዲስ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከርና ፊውዝ ከነመግጠሚያው ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር አለኝ።

ሳቅኩበት። አዎ፣ በሰው ፊት ሳቅኩበት።

ከወደቀ ሚኒባስ የተፈታ አምፕሊፋየር አገኘሁ። ስፒከሮቹንም አሮጌ ገዛሁ። ከነሽቦው ስምንት መቶ አሥር ብር ብቻ! ፊውዙስ? በፊውዙ ቦታ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ሲጋራ አላጨስም፤ ፓኮውን ያነሳሁት ከመንገድ ነው። ይህን የምላችሁ ሌላ እንዳታስቡ ነው።

ደንበኞቼ እንዲህ ሲያደርጉ ብይዛቸው ግማሽ ሰዓት የምቆጣ ሰው መሆኔንም ልብ በሉ።

ከዚያ በራሴ ድምፅ ማስታወቂያ ቀርጼ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫንኩ። በደንብ አድርጌ፣ እንደ ሰባኪ።

ዛሬ ጠዋት ቡሬ የከብት ተራው ዳር ሞተሬን አቆምኩ። እናንዬ እዚያው አጠገብ በርበሬዋን ዘረጋች። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቦራ ቆሟል፤ ገመዱን እማማ የዝብነሽ ይዘውታል።

ማስታወቂያውን ከፈትኩ። ዝም።

ድምፁን ጨመርኩ። ዝም። እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። አሁንም ዝም።

የላላ ሽቦ ይሆናል ብዬ አምፕሊፋየሩን በመዳፌ መታ አደረግኩት። ድምፁን ሳልቀንስ ማለት ነው። ተማሪ ቢያደርገው ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር።

“ወገ...” አለ አምፕሊፋየሩ።

ነጎድጓድ በሉት። የቦራ ጆሮ ሥር የወደቀ መብረቅ።

ቦራ የእማማን ገመድ ነጥቆ ሄደ! አምፕሊፋየሩም ወዲያው ተመልሶ ዝም አለ።

በዚያች ሰዓት አቶ ስንሻው የቦራን ጥርስ አይቶ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር። ወጣቶች በሬውን አባርረው ሲመልሱት ግን ፊቱ ተለውጧል። ደንባራ በሬ አልገዛም፣ ቀንበር ይሰብርብኛል፣ ከፈለጉ በስምንት ሺህ ልውሰደው አለ። ሌሎቹ ገዢዎችም ጀርባቸውን ሰጡ። ገበያ መካከል አንዴ የደነበረ በሬ ስሙ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህን ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እማማ ቦራ ደንብሮ እንደማያውቅ ይምላሉ። የሚሰማቸው የለም። ድምፁን ሁሉም ሰምቷል፤ ከመንገድ ያለፈ መኪና መስሏቸዋል።

እኔስ ምን አደረግኩ?

ጋቢዬን ሞተሩ ላይ ጣል አደረግኩ።

አዎ። ሸፈንኩት። ከዚያ ጎማውን የማይ መስዬ ቁጢጥ አልኩ። እማማ “በስምንት ሺህ ቆርቆሮው ለግማሽ ቤት እንኳ አይበቃኝም” እያሉ ሲለምኑ፣ እኔ የጎማ ነፋስ እለካ ነበር።

እናንዬ በርበሬዋን ትታ መጥታ ከበላዬ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹ ስለ አንድ እርሳስ ቢዋሹ ስንት ቀን ነው የቀጣሃቸው?” አለችኝ።

ተመልሳ ተቀመጠች።

ተነሳሁ። ጋቢውን ገፍፌ ለአቶ ስንሻው ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ በሬው ንጹሕ እንደሆነ ነገርኩት።

አላመነኝም። ለአሮጊት አዝነህ ነው አለኝ። አያችሁ? አንድ ቀን እውነት ለመናገር ዘግይቼ ስነሳ፣ እውነቴ እንደ ደግ ውሸት ተቆጠረችብኝ!

ከዚያ ገበያ የመጣባትን በቅሎ በገመድ ስቦ አመጣ።

“ይህቺ በቅሎ እጄ ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሠርግ ተኩስ መካከል ቆማ ሣር የምትግጥ ናት። በል አሁን አስጩኸው። እሷ ከሸሸች በሬውን ንጹሕ ብዬ በተስማማሁበት ዋጋ እገዛዋለሁ።”

ይቅር፣ አይሆንም አልኩ። እማማ የዝብነሽ ግን ክንዴን ያዙኝ።

“ልጄ፣ ስሙን ያጠፋኸው አንተ ነህ። አንተው መልስለት።”

እምቢ ማለት ይቻላል? ቦራን ራቅ አድርገው ወሰዱት። ሽቦውን አጥብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩት።

“ወገኖቼ ሆይ! ርካሽ ዕቃ አትግዙ! ርካሽ ዕቃ ኋላ ያዋርዳል!”

የገዛ ድምፄ ነው! ቡሬ በሙሉ ሰማኝ።

በቅሎይቱ በሁለት እግሯ ቆመች። የኮርቻዋን ጠፍር በጥሳ በእናንዬ በርበሬ ላይ አለፈች፤ ከዚያም ከጎኗ በነበረች ሸክላ ሻጭ ገንቦዎች መካከል። የበርበሬው አቧራ ሲነሳ የከብት ተራው ሁሉ አንድ ላይ አስነጠሰ። እኔ ለማጥፋት ስሮጥ አምፕሊፋየሩ ጨሰ፣ ባትሪውም ተከተለው። ፊውዝ ቢኖር ኖሮ... ተውት።

አቶ ስንሻው ኮርቻውን ከመሬት አንስቶ አራገፈ። ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶውን አንድ በአንድ ቆጠረላቸው። የጠፍሩን ልክፈል ብለው፣ “አንተ ዛሬ የሚበቃህን ከፍለሃል” አለኝና በሬውን እየነዳ ሄደ።

እማማ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱን የተቀበልኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። በቅሎይቱና ገንቦዎቹ አይደሉም ያሳፈሩኝ። ቁጢጥ ብዬ ጎማ ያየሁባት ያቺ ሩብ ሰዓት ናት። ልጆቼ ይህን ፖስት ማንበባቸው አይቀርም፤ ያንብቡት።

እስቲ እናንተ፣ ይህ ሁሉ እስኪሆን ስንት አስወጣኝ?

አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ከነሽቦው ስምንት መቶ አሥር። ባትሪው ስምንት መቶ ሃምሳ። ሰባት ገንቦ አራት መቶ ሃያ። የእናንዬ በርበሬ ሦስት መቶ፤ እሱን ገና አልከፈልኳትም፣ አላናገረችኝምም። የአቶ ስንሻው ጠፍር፣ እሱ በራሱ ወጪ ቢተካውም ዕዳው የእኔ ነውና፣ መቶ ሃምሳ።

በጠቅላላው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ብር። ከአዲሱ በመቶ ሠላሳ ብር ይበልጣል።