ለማደጊያ ሰፋ ያለ ጓንት

የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ሁለት እጆች፣ አንድም ጣት ሳይቀር፣ ከዛሬ ጀምሮ የቤተሰቡ የጋራ ጉዳይ መሆናቸውን የሚመለከተው ሁሉ በጥብቅ ይወቅ።

ቀን፦ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳህን ሳይነሳ።

ቦታ፦ የእናት የልብስ ስፌት ክፍል። ሳሎኑ እግራቸው እስኪታጠፍ በሚጠባበቁ የሰው ሱሪዎች ተይዟል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል። የግቢው በር ቁልፍም የሞተር ብስክሌቱ ቁልፍም በሰብሳቢዋ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ስለሆኑ፣ የሚጎድልበት መንገድ አልነበረም።

የተገኙ፦
1. እናት፣ ልብስ ሰፊ — ሰብሳቢ
2. አባት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር — አባል
3. አክስት፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ — አባል
4. አጎት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ በቅጽል ስማቸው «መስታወት» — አባል
5. የመጨረሻ ልጅ — ባለጉዳይ። ጉዳዩ የራሷ ስለሆነ፣ ለገለልተኝነት ሲባል ድምፅ የላትም።
6. ታላቅ ወንድም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ — ጸሐፊ

አጀንዳ 1፦ የስብሰባው ምክንያት

ባለጉዳይዋ ነገ ጠዋት መድኃኒት በሞተር ለየቤቱ የማድረስ ሥራ እንደምትጀምር ተገልጿል። ሰብሳቢዋ ግን ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ ስትለማመድ ወድቃ መዳፏ እንደተላጠ አስታውሰው፣ «ይህ ጉባኤ ያጸደቀው ጓንት እጇ ላይ ካልገባ ቁልፉ ከዚህ ኪስ አይወጣም» ብለዋል። ባለጉዳይዋ ነገ ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥባት ብታስረዳም፣ ሰብሳቢዋ ለሥራ ተጠባባቂ እንዳለ፣ ለመዳፍ ግን እንደሌለ አስታውቀዋል። አክስት «በሙያዬ አረጋግጣለሁ» ሲሉ ደግፈዋል።

አጀንዳ 2፦ የጓንቱ ዓይነት

የሰፈሩ የሞተር ዕቃ ሻጭ ለሙከራ ያዋሱን ሦስት ዓይነት ጓንት በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል።

አንደኛው ጥቁር፣ ወፍራም ቆዳ፣ በጣቶቹ አንጓ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለበት ነው። አባት አጥልቀውት ውሃ ሊጠጡ ሞክረዋል። ሙከራው ሱሪያቸው ላይ ከተጠናቀቀ በኋላ «ብርጭቆውን መያዜን ያወቅኩት በወሬ ነው» የሚል ሪፖርት አቅርበዋል።

ሁለተኛው ቀይ፣ ጣቶቹ ከግማሽ የተቆረጡ ነው። አጎት አጥልቀው በመልበሻው መስታወት ፊት ለረጅም ጊዜ ቆይተው፣ «ይህን አድርጋ በር ስታንኳኳ በሽተኛው መድኃኒቱን ሳይውጥ ይሻለዋል» ብለዋል። አክስት «አንተ መስታወት! አስፋልቱ ጣቷን ሲልጠው ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚቆም ይመስልሃል?» ሲሏቸው፣ አጎት «ላንቺ ከተተወማ በፋሻ ተጠቅልላ ነው ከቤት የምትወጣው!» ብለዋል። ይቅርታ እንዲጠይቁ ተጠይቀው ጓንቱን ሲያወልቁ እንደሚያስቡበት ቃል ገብተዋል። ጓንቱን አላወለቁም።

ሦስተኛው ቡናማ፣ ለስላሳ ቆዳ ነው። ባለጉዳይዋ እንድትናገር ሲፈቀድላት፣ «መዳፉ ድርብ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ ጀርባው አየር ያስገባል፤ ደግሞ ያምራል። በቃ፣ ይሄ ነው» ብላለች። ንግግሯ እንዲህ በማጠሩ ጉባኤው ተጠራጥሯል። ሰብሳቢዋ ጓንቱን ገልብጠው፣ መነጽራቸውን አውርደው፣ የውስጥ ስፌቱን በጣታቸው ዳብሰው ሲያበቁ «ስፌቱ ወደ ውስጥ አላበጠም፣ አይፈገፍጋትም። ይህን የሰፋ ሰው እናት አለው» ብለዋል።

ሻይ ሁለት ጊዜ ከቀዘቀዘ ውይይት በኋላ ቡናማው ተመርጧል። አጎት ቀይ ክር እንኳ ጣል ቢደረግበት የሚል የልዩነት ሐሳብ አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 3፦ ቁጥር

ከቡናማው መካከለኛና ትልቅ ቁጥር ቀርቧል። በዚህ ቤት ለመጨረሻ ልጅ የሚሰፋም ሆነ የሚገዛ ነገር ሁሉ ለማደጊያ ሰፋ ተደርጎ መሆኑ የታወቀ ነው። አንደኛ ክፍል የገባችበት ዩኒፎርም ጫፉ እየተፈታ ስድስተኛ ክፍል አድርሷታል። በዚሁ መሠረት ሰብሳቢዋ «ትልቁ ይሁን፤ ታድግበታለች» ብለዋል።

ባለጉዳይዋ ሳይፈቀድላት ተነስታ፣ «እማዬ! ሃያ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው! እጄ ማደግ ካቆመ ስንት ዘመኑ!» ብላለች።

ሰብሳቢዋ «የልጅ ነገር አይታወቅም» ሲሉ መልሰዋል። አባት ሰው በማንኛውም ዕድሜ እንደሚያድግ የገዛ ሆዳቸውን በማስረጃነት አቅርበዋል። አክስት ሙያዊ አስተያየት ተጠይቀው፣ የአዋቂ እጅ እንደማያድግ፣ ሊያብጥ ግን እንደሚችል አብራርተዋል። አጎት እብጠት በእድገት ስም ይመዝገብልን ብለው ያቀረቡት ሐሳብ ያለ ተቃውሞ አልፏል።

በመሆኑም ትልቁ ቁጥር በአራት ድምፅ ጸድቋል። የባለጉዳይዋ ተቃውሞ አልተቆጠረም፤ ነገር ግን በሚነበብ ጽሑፍ እንዲሰፍር ተደርጓል።

አጀንዳ 4፦ የመስክ ሙከራ

ጉባኤው ወደ ግቢ ተዛውሯል። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ባለጉዳይዋ ትልቁን ጓንት አጥልቃ ተቀምጣ፣ አባት ከኋላ እየገፉ «ፍሬን!» ሲሉ እንድታቆም ታዘዘች። አባት «ፍሬን!» አሉ። ባለጉዳይዋ ጨበጠች። ለማደጊያ የተተወው የጓንቱ ጫፍ ግን ታጥፎ በፍሬኑ መያዣና በመሪው መካከል ተሰንቅሮ ኖሮ መያዣው አልጠብቅ አለ። ሞተሩ መንገዱን ቀጠለ። የልብስ ማስጫውን ገመድ በጥሶ፣ የአጎትን ነጭ የሥራ ጋዋን ተከናንቦ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ከሳፋው በስተቀር የተጎዳ የለም።

ጋዋኑ ውስጥ ሆና ባለጉዳይዋ «እጄ እስኪያድግ ድረስ በምን ልቁም?» ስትል ጠይቃለች።

ሰብሳቢዋ ከአንገታቸው ሜትራቸውን አውርደው፣ ጓንቱን አስወልቀው የልጅቷን እጅ ለኩ፤ መዳፏ ላይ ያለውን ቁስል እንዳይነኩ ሜትሩን ዞር አድርገው። ቀጥሎ የራሳቸውን እጅ ለኩ። ልብስ ሰፊ ሁለቴ ለክቶ አንዴ ይቆርጣል፤ ሰብሳቢዋ ግን ሁለቴ ለክተው ሜትሩን መልሰው አንገታቸው ላይ ሰቀሉ።

«ምነው እማዬ?»

«እጅሽ ከእጄ እኩል ሆኗል።» ቀጥለውም «መቼ ነው?» ብለው ጉባኤውን ጠየቁ።

አባት «እኛ ስንሰበሰብ» ብለዋል።

ሰብሳቢዋ መካከለኛውን ጓንት ራሳቸው አጥልቀው ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ በሽርጣቸው ኪስ ገብተው የሞተሩን ቁልፍ ለቀም አድርገው አወጡ። ከዚያም ጓንቱንም ቁልፉንም ለባለጉዳይዋ ሰጡ። ባለጉዳይዋ አጥልቃ ፍሬኑን ጨበጠችው፤ መያዣው ጥርቅም አለ። አክስት ዓይናቸው ውስጥ አቧራ መግባቱን አስታውቀዋል።

አጀንዳ 5፦ የማጠቃለያ ውሳኔ

ሀ) በአጀንዳ 3 የተወሰነው፣ እብጠትን የሚመለከተውን ጨምሮ፣ ተሽሯል።

ለ) በአጀንዳ 2 ቡናማው በጉባኤው ተመርጧል የተባለውም ተሽሮ፣ ባለጉዳይዋ ራሷ እንደመረጠችው ተደርጎ እንዲነበብ፤

ሐ) ባለጉዳይዋን ድምፅ የነሳው ደንብ ተሽሮ፣ በምትኩ ሌሎቹ አባላት ድምፅ እንዲነፈጉ፤

መ) የቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ እጆች የጋራ ጉዳይ መሆናቸው ቀርቶ ለባለቤታቸው እንዲመለሱ፣ ጉባኤውም እንዲፈርስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አጎት ቀዩን ጓንት እስኪያወልቁ ድረስ ብቻ ጉባኤው በከፊል ይቆያል።

ስብሰባው ፀሐይ ከአጥሩ በታች ዝቅ ስትል በሰብሳቢዋ ንግግር ተዘግቷል።

ማረሚያ፦ ከላይ «በሰብሳቢዋ ንግግር ተዘግቷል» የተባለው ስህተት ነው። በተጠቀሰው ሰዓት ሰብሳቢዋ በስብሰባው ላይ አልነበሩም። ከልጃቸው ኋላ በሞተሩ ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን ለሁለተኛ ጊዜ እየዞሩ ነበር። በመጀመሪያው ዙር በራችን ላይ ሲያልፉ ጸሐፊው የሰማው «ቀስ! ቀስ በይ!» የሚል ሲሆን፣ በሁለተኛው ዙር ግን «እንዲያው ትንሽ ብትጨምሪበት» የሚል ነበር።