ያልበላሁት ጥብስ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በአንድ ረቡዕ ቀን ነው። ሰው ሕይወቱ የተበላሸበትን ቀን ሲናገር ጦርነት፣ እሳት ወይም ሞት ይጠራል። እኔ የምጠራው ጥብስ ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ ከተማው በሙሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ የእናንተ ሳቅ ምን ይጨምርብኛል?

የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ሥጋ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚፈጭ ለትውልድ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጥቂት ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ እንዲህ ነው መጽሐፉ የሚለው። ስላልበሉት ሥጋ ግን መጽሐፉ ምንም አይልም። የእኔው ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ፣ ሚስቴን ቀብሬ፣ ባሕር ተሻግሬ ቤይሩት ድረስ መጥቼ እንኳ ከደረቴ ሥር አልወረደም።

ወሎ ውስጥ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ተፈራና እኔ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን፣ አብረን ተመድበን፣ አንድ ቤት ተከራይተን የኖርን ጓደኛሞች ነን። የርዕሰ መምህሩ ቦታ ሲለቀቅ የወላጅ ኮሚቴው ከሁለታችን አንዱን ሊመርጥ ሆነ፤ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ለስብሰባ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄድንና ለምሳ አንድ ምግብ ቤት ገባን። እኔ ረቡዕ ነው ብዬ ሽሮ አዘዝኩ። ተፈራ «መንገደኛ ጾም የለበትም» ብሎ ጥብስ አዘዘ። እንደ አገራችን ደንብ ሁለቱም በአንድ ትሪ ቀረበ፤ ሽሮው በእኔ በኩል፣ ጥብሱ በእሱ በኩል። ተፈራ ጥብሱን አጋምሶ፣ ቃሪያ በነካ እጁ ዓይኑን አሽቶ እየጮኸ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሮጠ። ልክ በዚያች ቅጽበት ለዚያው ስብሰባ የመጡት የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የደብራችን አለቃ፣ በበሩ ብቅ አሉ። ትሪውን አዩ። እኔን አዩ። ሌላ ሰው አልነበረም። አማተቡና ወጡ።

በእኛ አገር በአንድ ትሪ ላይ ድንበር የለም። ከትሪው ፊት የተገኘ ሰው ትሪው ላይ ያለውን ሁሉ በልቷል።

ተፈራ ኮሚቴው ፊት ተጠየቀ፤ «መኮንን ጥብስ ሲበላ አይተሃል?» እሱም፣ «እኔ በዚያን ሰዓት ዓይኔን እየታጠብኩ ነበር» ብሎ መለሰ። እስቲ ፈልጉ፣ ውሸት ታገኙበታላችሁ? አታገኙም። «ጥብሱ የእኔ ነው» የምትለዋን አጭር ዐረፍተ ነገር ግን እዚያው ዋጣት። ከጥብሱ ጋር መሰለኝ። እሱ ርዕሰ መምህር ሆነ፤ እኔ ራሴን ሲያመኝ እንኳ ፈቃድ የምጠይቀው ከእሱ ሆነ።

ይሁን፤ ሹመት ያልፋል። የማይለቀኝ የሚስቴ ነገር ነው። በመጨረሻ ሕመሟ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እውነቱን ንገረኝ፣ አልፈርድብህም። በልተሃል አይደል?» አለችኝ። «አልበላሁም» አልኳት። «እሺ» አለች። ያቺን «እሺ» ትዳር ውስጥ የኖረ ሰው ያውቃታል። አምናኝ አልነበረም፤ አዝናልኝ ነው።

አሁን ወደ ቤይሩት ልመልሳችሁ። ልጄ ሰናይት በሰው ቤት ሠራተኝነት መጥታ፣ ስንቱን አሠሪ ማዳም ችላ፣ ኤሊ የሚባል የዚሁ አገር ሰው አግብታ፣ ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር ትንሽ የአበሻ ምግብ ቤት ከፍታለች። እኔንም ያስመጣችኝ እሷ ናት። ኤሊ ታክሲ ነጂ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ዐቢይ ጾምን እስከ ቀትር ጾሞ ከዚያ ያገኘውን የሚበላ ክርስቲያን ነው። በጾም ጉዳይ አስተያየት መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁና አልፌዋለሁ። ቤቱ ውስጥ የተሰጠኝ ሥራ ምስር መልቀም ነው። በማዕረግ የተመረቀ ሰው ጠጠር ሲለቅም ማየት ከፈለጋችሁ ጎራ በሉ።

እሑድ እሑድ ዕረፍት የሚያገኙ ልጆች ለምሳ ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ ብርቱካን ናት፤ ዳሒዬ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ እሑድ ትክ ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ አነጋገርዎ የእኛን አገር ሰው ይመስላል» አለች። ከየት ነሽ፣ ከየት ነዎት ተባባልን። አገራችን አንድ ሆነ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«የዳይሬክተር ተፈራ!»

ምስሩ ተደፋ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እሷ በበር ስትገባ እኔ ጓዳ እገባ ነበር።

«አባዬ፣ ኸላስ፣ በቃ!» ትለኛለች ሰናይት። «ለጥብስ ብለህ ነው?»

«ለጥብስ አይደለም።»

«እና ለምንድን ነው?»

አንድ ጠጠር ለቅሜ እጥልና፣ «ለጥብስ ነው» እላታለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ስልክ ተደወለ፤ ብርቱካን ናት፣ እያለቀሰች። ዳሒዬ እየተደበደበ ነው። ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው ስትሸሽ፣ መኪናው ሞልቷል ብላ እሷን ቤት ውስጥ ከምታኖራት ወፍ ጋር ትታታለች። ሰናይት ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ተነሣች። ኤሊ ግን የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ አንድ ነገር ጠየቃትና ወደ እኔ ዞረች።

«መንገዱ አያስተማምንም ነው የሚለው። ‹ዘመዳችሁ ናት ወይስ ደንበኛ?› ይላል። ምን ልበለው?»

አንዲት ልጄና አንድ አማቼ በተፈራ ልጅ ምክንያት ቦምብ ውስጥ ሊገቡ ነው። በዚህ ዓለም ላይ እኔን መርጦ የሚጠይቅ ኮሚቴ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኔን እየታጠብኩ ነበር ልል አልችልም።

«የወንድሜ ልጅ ናት በይው» አልኩ።

«ያላ፣ እንሂድ!» አለ ኤሊ።

በሕይወቴ ጾም ሽሬ አላውቅም። ውሸቱን ግን ያን ዕለት ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል።

ሄዱ። በሩ ላይ ቆምኩ። ከደቡብ በኩል ጭስ ይወጣል፣ ድሮኑ ከላይ እንደ ዝንብ ይነዘንዛል፣ መስኮቱ በየመሐሉ ይንቀጠቀጣል። የለቀምኩትን ምስር ደግሜ ለቀምኩ። ንጹሕ መሆኑን እያወቅኩ እንደገና ለቀምኩ። ሟች ሚስቴን በልቤ «ልጅሽን ጠብቂያት» አልኳት፤ ስለ ጥብሱ አላነሣሁባትም። የኤሊ መኪና ከማዕዘኑ ስትታጠፍ እደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰናይት ወረደች። ኤሊ ወረደ። ብርቱካን ፀጉሯ በአቧራ ነጥቶ ወረደች፤ በእጇ የሽቦ የወፍ ቤት ይዛለች፤ ውስጡ አንዲት ቢጫ ወፍ ተቆጥታ ትጮኻለች።

«ልብስሽስ?» አላት ሰው ሁሉ።

«ሁለቱን መያዝ አልቻልኩማ! ወፏን ማዳሜ አደራ ብላኛለች።»

እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጄ ስትወለድ እንኳ። ሰሐን ሙሉ ሙጀደራ፣ ምስሩን ከሩዝ ጋር የሚሠሩትን፣ ራሴ አቀረብኩላት። ልትጎርስ ስትል እጇን መለሰች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል? ቅቤ የለበትም?»

የተፈራ ልጅ! ከቦምብ ውስጥ ወጥታ! «በዘይት ነው፣ ልጄ፣ ብዪ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሽንኩርት ይከተፍ ነበር፤ የምታውቁት ሽንኩርት።

ከዚያ አባቷ ጋ ደወለች። በስልኩ መስታወት ላይ አንድ ያረጀ ፊት መጣ፤ ልጁን አይቶ አለቀሰ፣ እኔን አይቶ ባሰበት።

«መኮንን! ወንድሜ! እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ! በምን ልካስህ?»

«ምንም አልፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ።»

«ነፍሴንም ጠይቀኝ!»

«ያን ረቡዕ…»

«ሃሎ?» አለ ተፈራ። «ሃሎ! ይቆራረጣል!»

«ያን ረቡዕ ጥብሱን…»

«ኔትወርክ የለም! አይሰማም!»

«አባባ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል እኮ» አለች ብርቱካን። ፊቱ ጠፋ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ብርቱካን እኛው ጋ ናት፤ ጓዳ መደበቄ ቀርቷል፤ ወፏም ካሽ ማሽኑ አጠገብ ተሰቅላ ባለቤቷን ትጠብቃለች። እንቅልፍ ይወስደኛል። ምግብ ይስማማኛል። ተፈራ በየቀኑ ለልጁ ይደውላል፤ ሳቁ እስከ ጓዳ ይሰማል፤ እኔ ወደ ስልኩ ስጠጋ ብቻ ኔትወርኩ ይጠፋል። ቂሙን ትቼልሃለሁ፣ ተፈራ። ሹመቱንም በልተኸዋል፣ ይስማማህ። ሰናይት ግን የእናቷ ልጅ ናት፤ ሌሎቹ በሌሉበት ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ እውነት ግን አልበላህም?» ትለኛለች። ስለዚህ ይህን ጽፌ በወረቀት መጥቼብሃለሁ፤ ወረቀት አይቆራረጥም። ልጅህ አጠገቤ ተቀምጣ እያነበበች ነው፤ ልጄም ከኋላዋ ቆማለች። ዓይንህን ታጥበህ ጨርሰሃል።

ጥብሱን ማን በላው?