ክቡር እንቅፋት እና የእኔ ዘበኞች

በየመሥሪያ ቤቱ ወንበርን እንደ ወንበር የማያይ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ የምትቀመጡበት ነገር ለእሱ የሚገለበጥ ዕቃ ነው። እናንተ በር ስትከፍቱ እሱ በምን ሊቀረቅረው እንደሚችል ያሰላል። ለእኛ ቢሮ የደረሰው ከእኔ ጠረጴዛ ትይዩ ተቀምጧል። «ክቡር እንቅፋት» የሚለውን ማዕረግ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ማዕረጉን ሰጠሁት እንጂ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ድረስ «አንተ» ነው።

ክቡርነቱ ሊፈታው የተነሳው ችግር ይህ ነበር፦ ቀርፋፋ ሰው ፈጣን አሳዳጅን እንዴት ያመልጣል?

ጥያቄው ራሱ ደስ ይላል፤ ስለዚህ ከንዴቴ በፊት ቀስ ብዬ ላስረዳ። የምንሠራው የቪዲዮ ጌም ነው። ተጫዋቹ ተደብቆ መጋዘን ውስጥ ይገባል፣ የተጠበቀውን ዕቃ ያነሳል፣ ሳይታይ ይወጣል። ከታየ ግን ዘበኞች ያባርሩታል። ያን ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ከኋላው እየጣለ ያሰናክላቸዋል፤ መደርደሪያ ይገፋል፣ ጋሪ ይለቃል፣ በር ይዘጋል። የሚገፋውን ዕቃ በቦታ በቦታው የሚያስቀምጠው ክቡር እንቅፋት ነው። የሚሰናከሉትን ዘበኞች የምሠራው ደግሞ እኔ። ጠባችን ከዚህ ይጀምራል።

በብዙ ጌሞች የሚገለበጠው ዕቃ ቢጫ ተቀብቶ ከሩቅ ያበራል። ተጫዋቹ አጠገቡ ሲደርስ አንድ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ዕቃው ይወድቃል፣ አለቀ። ክቡር እንቅፋት እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ የአንገቱ ሥር ይገተራል። «ይሄ ማምለጥ ነው? ጣት ማሯሯጥ ነው እንጂ» ይላል። ይህችን አባባል በስብሰባ ላይ፣ ምሳ ስበላ፣ መጸዳጃ ቤት ተራ ስጠብቅ ሰምቻታለሁ። ሁለተኛዋ አባባሉ ከዚህች የባሰች ናት፦ «ሞክረኸዋል?»

እሱ ሁሉንም ይሞክራል። የሚሞክረውም በእኛ ላይ ነው። ኮሪደሩ መሮጫው ሆነ። ሰው እርጥብ ወለል ላይ ሲሮጥ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ከጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ተዋሰ፤ ሒሳብ ሹማችን የያዙት ሻይ ቀሚሳቸው ላይ አረፈ። ይቅርታ መጠየቁስ ይቅር፣ «ሲንሸራተቱ ወደ ታች ነው ወደ ግድግዳው ያዩት?» ብሎ ጠየቃቸው። የመለሱለትን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ቀን ጠረጴዛ ኮሪደሩ ላይ አጋድሞ፣ ሮጠህ ያዘኝ አለኝ። ሮጥኩ። ጉልበቴን አሁንም ብርድ ሲሆን ያመኛል። ወለሉ ላይ ተዘርሬ ጉልበቴን ይዤ ሳለሁ ከላዬ ቆሞ የጠየቀኝ የትኛውን እጄን አስቀድሜ ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፍኩ ነው። በንዴት ጨስኩ። ግን ግራዬን ነበር! ያን ዕለት ዘበኞቼን ሁሉ ጠረጴዛ ሲዘሉ ግራ እጃቸውን እንዲያስቀድሙ አደረግኳቸው፤ አዘላለላቸው ነፍስ ዘራ። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። እንዲኮራ አልፈልግም።

ትልቁ ጠብ የመጣው በመደርደሪያው ነው። የጌም ዘበኛ እንደ እኛ መንገድ አያይም። ወለሉ ላይ ለተጫዋቹ የማይታይ ምንጣፍ እናነጥፍለታለን፤ ምንጣፍ ያለበትን ይረግጣል፣ የሌለበትን አይረግጥም። ዕቃ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ምንጣፍ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ ዘበኛው መደርደሪያውን እንደ ጢስ ሰንጥቆ ያልፋል። ክቡር እንቅፋት መደርደሪያውን ጣለ፣ ምንጣፉንም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆረጠ። ከዚያ ራሱ ጌሙን ሲጫወት ያመለጠ መስሎት ተዝናንቶ ወደ ኋላ በር ሲሄድ ዘበኞቼ ከፊት ለፊቱ ብቅ አሉ። መንገዱ ሲዘጋባቸው በዋናው በር ወጥተው፣ ሕንፃውን ዞረው፣ ቀድመውት ደርሰው ነበር።

ሆን ብለህ ነው ያደረግከው ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔም አልማርኩትም። «መንገድ ስትዘጋባቸው ሌላ መንገድ ፈለጉ። ዘበኞች ናቸው እንጂ በግ አይደሉም» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ተነፋፈግን። ትይዩ ተቀምጦ አለመነጋገር ከባድ ሥራ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

አለቃችን ከሁለታችንም ይልቅ ተናደደ። የመጋዘኑን ምዕራፍ ከያዝነው ቆይቷል፤ ኮሪደሩም መተላለፊያ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ቁርጡን ተናገረ፦ ይህን ምዕራፍ ከዚህ በፊት ተጫውቶት የማያውቅ፣ ጣቱም የማይፈጥን አንድ ሰው አምጡ። ካመለጠ፣ ክቡር እንቅፋት የደረደራቸው ዕቃዎች ይቆያሉ። ከተያዘ ሁሉም ተጠርገው ይወጡና በቢጫ ሣጥን ይተካሉ። የስንት ጊዜ ልፋቱ በአንድ ሰው እጅ ላይ ወደቀ።

በቀጠሮው ቀን ታላቅ እህቱን ይዞ መጣ። ድሮ ታይፒስት ነበሩ፤ ዛሬ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ እምቢ ብሎ መነጽራቸውን ለማውለቅ እንኳ ሁለት እጅ ይፈልጋሉ። ቀርፋፋው ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለካ ይህ ሁሉ ጋሪና መደርደሪያ ለእሳቸው ኖሯል። አሁንም ተናደድኩ፤ ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

እሱ እንዳይናገር ተከልክሏልና የሹራቡን እጅጌ እየነከሰ ጥግ ቆመ። እትዬ ጨዋታውን ጀመሩ። ዕቃውን እንደማንሳት መጋዘኑን ዞር ዞር እያሉ ያዩ ጀመር። ቀስ ብለው የኋላውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት። ጠፍቷቸዋል ብዬ በሆዴ አዘንኩ። ከዚያ ዕቃውን አነሱ፤ ዘበኞቼ አዩዋቸውና ጠረጴዛ እየዘለሉ ተነሱ። እትዬ መደርደሪያውን ገፉት፤ ማንም ሰው በራሱ ጊዜ ሊገፋው ይችላል፣ ፍጥነት አይጠይቅም። መተላለፊያው ተዘጋ። ዘበኞቼ እንደ ልማዳቸው ሕንፃውን ሊዞሩ ወደ ውጭ ፈተለኩ።

እሳቸው ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ዘበኞቼ የተቀረቀረውን የኋላ በር ሲደበድቡ፣ እትዬ የወደቀውን መደርደሪያ እንደ ደረጃ ቀስ ብለው ወጥተው ወረዱና፣ ጠባቂ ባልቀረበት በዋናው በር እየተራመዱ ወጡ። አንድ ጊዜም አልሮጡም። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ «አንተ ደነዝ፣ ተመለስ እንጂ!» እያልኩ ስክሪኑ ላይ ባለው ዘበኛዬ ላይ እጮህ ነበር። ሁሉም ሰው እኔን ያያል።

ቢጫ ሣጥኖቹ ይቅሩ፣ ዕቃዎቹ ይቆዩ ብሎ አለቃችን ወጣ። እትዬ ግን አልጨረሱም። ዘበኞቹን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እጄን አወጣሁ፤ ምስጋና የጠበቅኩ ይመስለኛል።

«አትቀየመኝ ልጄ» አሉኝ፣ «ሞኞች ናቸው። ነገ ብመለስ በዚያው ይዞራሉ።»

ደሜ ፈላ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ክቡር እንቅፋት ከጥጉ ተስፈንጥሮ ወጣ። እኒህን እህቱን የሚፈራቸው መሆኑን በሩ ላይ ጫማውን ሲያስጠርጉት አይቻለሁ። «ተይ እትዬ!» አላቸው። «የእሱ ዘበኞች ሞኞች አይደሉም። ግራ እጃቸውን አስቀድመው ሲዘሉ አላየሽም? እንደዚያ የሚዘል ዘበኛ የትም የለም። ምንጣፋቸውን ቆርጬ ያሞኘኋቸው እኔ ነኝ።»

ግራ እጃቸውን አይቶ ኖሯል። አይቶ ዝም ብሏል፣ ልክ እንደ እኔ።

እትዬ ግን ቃላቸውን አልለወጡም፤ እውነታቸውንም ነው። ስለዚህ አሁን ሁለታችንም አንድ ነገር እየሞከርን ነው፦ ትናንት የተታለለበትን ዛሬ የሚያስታውስ ዘበኛ። እሱ እንደሚለው የተታለለ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ መታለል ያስፈልጋል። «ሞክረኸዋል?» አለኝ እንደ ልማዱ። ስለዚህ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አሳዳጁ እሱ ነው፣ አምላጩ እኔ። መደርደሪያውን ትናንት ስለገፋሁበት ዛሬ እጄን ወደዚያ ልሰድ አስመስዬ ጋሪውን ልለቅበት አስቤያለሁ። ከኋላዬ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሒሳብ ሹማችን ሻያቸውን ይዘው በራቸውን ዘግተዋል።

እትዬ ሊዳኙን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። እሱን ወንበር እንዳትነካ ብሎኛል።