ጋሽ ሩብና መስመር ላይ ያረፈው ጠረጴዛ

ሁሉን ነገር ካልከፋፈለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም፤ አላየሁም የሚል ካለ ገና አልተቀጠረም። ለካርታ መሥሪያ ቤቱ የደረሱት ክቡር ጋሽ ሩብ ነበሩ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሰነድ ጠፋም፣ አምፖል ተቃጠለም፣ ሠራተኛ ተኮራረፈም መልሳቸው አንድ ነው፤ "መጀመሪያ አራት አድርጉት!"

ዛሬ ኃላፊ የሆነችው ሴት አዲስ ተቀጣሪ ሳለች ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ያኔ የከተማው ቤት ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ አንዲት ፋርማሲ ለማግኘት ማሽኑ ቤቱን በሙሉ በየተራ ሲያንኳኳ ይውል ነበር። ጋሽ ሩብ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን ሣሉና በሁለት መስመር አራት ቦታ ከፈሉት።

"ከተማው ይኸውልሽ። ቤት የበዛበትን ሩብ እንደገና አራት አድርጊው፤ እሱም ከተጨናነቀ እንደገና። ባዶውን ሜዳ ግን ተይው፣ ምን አደረገሽ? ፋርማሲው የሌለበትን ሩብ ደግሞ ዞር ብለሽም አትዪው።"

"መስመሩ ላይ የተኛ ነገርስ ጋሼ? ይሄ ድልድይ እኮ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ።"

ጋሽ ሩብ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። "እሱን እንዳትቆርጪው! ትንንሾቹ ሳጥኖች ውስጥ አልገባ ካለ ትልቁ ሳጥን ጋ ይቆያል። ምንም ነገር ስትፈልጊ መጀመሪያ የምታልፊው በዚያ ነው፤ አይጠፋሽም።"

ይህ ጥበብ ከሥራ ውጭ ጣጣ ነበረው። አንድ ቀን መነጽራቸው ጠፍቶ ክፍሉን በአራት ከፈሉ፤ ሦስቱን ሩብ "ባዶ" ብለው ዘጉ፤ አራተኛውን እየሸነሸኑ ወንበር ሥር ሲደርሱ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ተገኘ። "ፈላጊው ራሱ ካርታው ላይ አልነበረማ!" ብለው ጥፋቱን በካርታው ላይ አላከኩ። ባለቤታቸውማ እሳቸውን ገበያ መላክ ትተዋል። "ሽንኩርት የሌለበትን ሩብ ሲለይ ገበያው ይበተናል" ይላሉ።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ጉድ ፈላ። ሕንፃው አራት ክንፍ ነበረው፤ ለአራቱ የሥራ ክፍሎች አንድ አንድ ክንፍ ደረሳቸው። ጋሽ ሩብ የአራቱንም ሥራ ይሠሩ ስለነበር እያንዳንዱ ክፍል "እነዚያ ይይዙላቸዋል" እያለ ወንበር የያዘላቸው ጠፋ። "ጡረታቸውም ተቃርቧል፣ ቀደም ብለው ቢወጡስ?" አለ የቢሮ ድልድሉን የሚያዘጋጀው አስተዳዳሪ። ድልድሉን የምትፈርመው ያቺ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች፤ ያኔ ኃላፊ ሆናለች።

ጋሽ ሩብ ይህን ሲሰሙ እርሳስና ማስመሪያቸውን ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ካርቶኑን ግን በወፍራም ወረቀት አራት ቦታ ከፍለውት ነበር። ይህን ስታይ ኃላፊዋ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

የሕንፃውን ፕላን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋች። አራቱ ክንፎች የሚገናኙበት፣ በዋናው በር የገባ ሁሉ የሚያልፍበት አዳራሽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "የእሳቸው ጠረጴዛ እዚህ ይሁን።"

"መተላለፊያ ላይ?" አለ አስተዳዳሪው።

"አንዱም ሳጥን ውስጥ አይገቡም። እኔ ደግሞ አልቆርጣቸውም" አለችና ፈረመች።

በመዛወሪያው ቀን ጋሽ ሩብ ካርቶናቸውን ታቅፈው መጡ። ጠረጴዛውን ዞሩት፤ ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ ክንፎቹ የሚለያዩበትን መስመር መረመሩ።

"ምነው ጋሼ፣ አልወደዱትም እንዴ?"

"አንድ እግሩ ወደ ግራው ክንፍ ገብቷል" አሉ። "ልክ መስመሩ ላይ ይሁን እንጂ! አለዚያ ነገ የኛ ናቸው ይላሉ።"

በአንዱ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው ጫፍ እሷ ሆነው መስመሩ ላይ እስኪያርፍ ገፉት።

ጋሽ ሩብ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ጠረጴዛው ዛሬም እዚያው አለ። ወለሉ ሲወለወል ትንሽ ዝንፍ ያለ እንደሆነ፣ ኃላፊዋ ቦርሳዋን መሬት ታስቀምጥና ጎንበስ ብላ እግሩን ወደ መስመሩ ትመልሰዋለች። ናፍቀዋታል።